ለክፍቷ መኪና የሠራሁት ቀበቶ

ጋራዡን የተሰናበትኩት ዓይኔ ስለደከመ ነው። ለብዙ ዓመታት የብየዳ ብርሃን ሲገባበት የኖረ ዓይን አሸዋ የተበተነበት ይመስል ይቆረቁራል፤ በመጨረሻ ደግሞ አንዱ መስመር ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር። እንዲህ የሚያይ ባትላሜራ የሰው መኪና መንካት የለበትም። የጋራዡ ባለቤት አቶ በቀለ የምስጋና ወረቀት በፍሬም አድርጎ ሰጠኝ፤ ለስላሳ ጠጣን፤ ፎቶ ተነሳን፤ በቃ። የጡረታ ወረቀቴን ለመጨረስ የተመላለስኩባቸው ቢሮዎች ራሳቸውን የቻሉ ሌላ ሥራ ነበሩ፤ እነሱን ልተዋቸው።

አሁን ጠዋት ስነሳ ወገቤና ትከሻዬ ቀድመውኝ ይነቃሉ። አምቦ ከተማ ውስጥ ስሄድ የማውቃቸው በሮችና ኮፈኖች ባጠገቤ ያልፋሉ። ይሄን ያቃናሁት እኔ ነኝ፣ ያንን የበየድኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ሰው ስለ ሥራ ዘመኔ ሲጠይቀኝ ፊቴ የሚመጣው አንድ መኪና ብቻ ነው። እሱንም ሁለት ጊዜ ነው የሠራሁት።

ሥራ የጀመርኩት ጊንጪ አጠገብ በነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ ጋራዥ ነው። የካምፑ ኃላፊ በሳምንት ስንት መኪና ከግቢው እንደወጣ ብቻ ነበር የሚጠይቀው፤ የወጣው መኪና ጭልሞ ጫካ ሳይደርስ ቢቆም የእሱ ጉዳይ አልነበረም። ሙያውን ያስተማሩኝ ኦቦ ደሬሳ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግር የማይወዱ ሰው። አማርኛቸውን በኦሮምኛ እያቋረጡ ነበር የሚናገሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚበቃቸው አንድ ቃል ነበር፦ «ኢላሊ!» ተመልከት ማለታቸው ነው።

መኪና ሲመጣላቸው መዶሻ አያነሱም። መጀመሪያ «ማን ነው የሚቀመጥበት?» ይላሉ። ባለቤቱን ያስቀምጡታል፤ መሪውን ያስይዙታል፤ ዞር በል፣ ጎንበስ በል ይሉታል። ጉልበቱ፣ ክርኑና ራሱ የሚደርሱበትን ቦታ በጠመኔ ያመለክታሉ። ከዚያ ቀለሙን ፍቀው ባዶ ብረት እስኪያዩ ድረስ ይወርዳሉ፤ በመፍቻው እጀታ እያንኳኩ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ጤነኛ ላሜራ ይጮሃል፤ ውስጡን ዝገት የበላው ግን እንደ ካርቶን ድፍን ድምፅ ይሰጣል። የበየዱትን ደግሞ ባለቤቱ ሳያየው ስቱኮ አይቀቡበትም። «ከተቀባ በኋላ ሁሉም ሥራ ያምራል» ይሉ ነበር።

ከጊንጪ ወደ ካቺሲ ተዛወርኩ። እዚያ የገጠር መንገድ የሰባበራቸውን የመስክ መኪናዎች ስጠግን ቆየሁ። ላሜራ ሲጠፋ በርሜል ቆርጬ፣ ብሎን ሲጠፋ ከአሮጌው ፈትቼ። በሌለ ነገር መሥራት ብልሃት አስተምሮኛል። «ይሄም ይሆናል» ማለትንም ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ኋላ ዋጋ ያስከፈለኝም ይኸው አመል ነው።

በመጨረሻ አምቦ፣ አቶ በቀለ ጋራዥ ገባሁ። በዚያን ሰሞን ቀበቶ የሌለው ሚኒባስ ምርመራ አያልፍም ተባለና ሥራው ጎረፈ። ሚኒባስ ላይ ቀበቶ መግጠም ከባድ አይደለም። በበሮቹ መካከል ጠንካራ ምሰሶ አለ፤ የላይኛው ጫፍ እዚያ ላይ፣ ከትከሻ ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ የታችኛው ወለሉ ላይ። ብዙ ገጠምኩ። ስሜ ወጣ። የጋራዡም የሠራተኞች አለቃ ሆንኩ።

መንገድ በየጊዜው የሚዘጋበትና ኔትወርክ ለሳምንታት የሚጠፋበት ዓመት ነበር ሶስና የምትባል ሴት ወደ እኛ የመጣችው። አምቦ ውስጥ ፋርማሲ አላት። ይዛ የመጣችው መኪና በሌላ መኪና ተጎትቶ ነው የደረሰው፤ የእንግሊዝ ሥራ፣ ባለሁለት ወንበር፣ ዝቅ ያለ፣ ጣሪያው የሚታጠፍ ሸራ የሆነ ቀይ የስፖርት መኪና። አባቷ መምህር አሰፋ ወጣት አስተማሪ ሳሉ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ገዝተውት ነበር። ሊብሬው ላይ የከተማው ስም አሁንም በድሮው አጠራር «ሀገረ ሕይወት» ይላል። ከዚያ በኋላ መለዋወጫ ጠፋለትና ዘመኑን ሁሉ ጓሮ ውስጥ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ኖረ፤ ዶሮ ሲፈለፈልበት።

«ሞተሩን አስነስተናል» አለችኝ። «አባቴ ጡረታ ወጥቶ ቤት ውስጥ ደብቶታል። እሁድ እሁድ ጉደር ድረስ እየወሰድኩ ልመልሰው ነው። ግን ጋሽ ተፈራ፣ ክፍት መኪና ነው። የትከሻ ቀበቶ ይግጠሙልኝ። አባቴን መንገድ ላይ መበተን አልፈልግም።»

«ለኔ ተይው» አልኳት።

መኪናው ውስጥ ስገባ ችግሩን አየሁት። ክፍት መኪና ምሰሶ የለውም። ከበሩ ኋላ ያለው ብረት ወገቤ ድረስ እንኳ አይደርስም፤ ወንበሮቹም ጀርባቸው አጭር ነው። ታዲያ የትከሻው ቀበቶ ላይኛው ጫፍ የት ይታሰር? ኦቦ ደሬሳን መጠየቅ ነበረብኝ። ጡረታ ወጥተው ጊንጪ ነበሩ። ስልክ አይሠራም፣ መንገድ ዝግ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ መንገዱ በሁለተኛው ሳምንት ተከፍቷል። አለቃ ከሆንኩ በኋላ እንደ ተማሪ መጠየቅ አፈርኩ።

ከተበላሸ ሚኒባስ ሁለት ቀበቶ ፈታሁ። ከወንበሮቹ ኋላ ወለሉን ቆርጬ ዝገቱን አወጣሁ፤ ወፍራም ላሜራ በየድኩ፤ ከሥሩ ብረት አነጠፍኩ፤ የቀበቶውን ጥቅልል በብሎን አሰርኩት። ቀበቶው ከወለሉ ተነስቶ፣ በወንበሩ ጀርባ ላይ አልፎ ትከሻ ላይ ይወርዳል። ብየዳው ንጹሕ ነበር። እኔው ራሴ ተቀምጬ አሰርኩት፤ ተመቸኝ። እኔ አጭር ሰው ነኝ። ሶስናም አጭር ናት፤ እሷም ተቀመጠች፤ ተመቻት። መምህር አሰፋ ከአምቦ ረጃጅም ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ እሳቸውን ግን ያስቀመጣቸው የለም።

አንድ እሁድ ከጉደር ሲመለሱ ከፊታቸው የነበረው የጭነት መኪና አህዮች ሲገቡበት ድንገት ቆመ። ሶስና ፍሬን ያዘች፤ የዚያ ዘመን ፍሬን ግን ቶሎ አያቆምም። ሄደው ከኋላው ገቡበት።

መኪናው ጋራዥ ተጎትቶ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረግሁትን ስናገር አሁንም አፍራለሁ። አፍንጫው ተጨማዷል፤ መብራቱ ረግፏል። እኔ ግን ቀጥታ ከሥሩ ገብቼ ብሎኖቼን አየሁ። አንዱም ፀጉር ያህል አልተነቃነቀም። ወጥቼ «ይዟል!» አልኩ። የጋራዡ ልጆች ትከሻዬን መቱኝ። አቶ በቀለ «ይሄ ነው ሥራ!» አለ።

በማግስቱ ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ሶስና ደረቷ ላይ የቀበቶው መስመር በልዟል እንጂ ደህና ነበረች፤ መድኃኒት ልታመጣ ወጣች። አባቷ በጀርባቸው ተንጋለው ተኝተዋል። ወጣቱ ሐኪም ቤተሰብ መሰልኩትና ኮሪደር ላይ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አሳየኝ።

«አንዱ የጀርባ አጥንት ተጨፍልቋል» አለኝ። «ነርቩን አልነካም፤ ይሄ ዕድል ነው። ግን ከላይ ወደ ታች የተጫናቸው ነገር አለ። ትከሻቸው ላይ ያለው ቁስልም ወደ ታች የተጎተተ ነው። ቀበቶው የታሰረው የት ነው? ወለሉ ላይ ነው?»

ብርቱካኑን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«ባይታሰሩ ኖሮ ደግሞ ከመኪናው ተወርውረው ይወጡ ነበር» ብሎ ጨመረልኝ። ሰውየው ሊያጽናናኝ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት የመጀመሪያውን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለፈው ሁለት ወር ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የከበደኝ ነው። ከተማው አመሰገነኝ። «ቀበቶህ አተረፋቸው» ይሉኛል ገበያ ላይ። ሶስና ሳትቀር ጋራዥ መጥታ እጄን ጨብጣ አለቀሰች። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ባልኩ ቁጥር መናገሩ እየከበደ ሄደ።

አንድ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ጊንጪ ወረድኩ። ኦቦ ደሬሳ ግቢያቸው ውስጥ የማረሻ ብረት እያቃኑ አገኘኋቸው። በኦሮምኛ አካም ቡልቴ ተባብለን ሰላምታ ተለዋወጥን። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። አላጽናኑኝም፤ አልተቆጡኝምም። አጭር በርጩማ አምጥተው «ተቀመጥ» አሉኝ። ገመድ በትከሻዬ ላይ አሳልፈው ከኋላዬ ቆሙ።

«ወደፊት ውደቅ» አሉኝ። ገመዱን በትከሻዬ ልክ ወደ ኋላ ሳቡት። ደረቴ ተያዘ፤ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

«እንደገና።»

በዚህኛው ጊዜ እሳቸው ቁጢጥ ብለው ገመዱን ከመሬት ሳቡት። ገና ትንሽ ዘንበል ስል ትከሻዬ ወደ ታች ወረደ፤ ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ተጨመቀ። ጮህኩ። ገመዱን ለቀቁት።

«ኢላሊ፣ ተፌ። ብሎንህ አልተነቀለም። ቢነቀል ይሻል ነበር አልልህም። ግን የሠራኸው ይሄን ነው» አሉኝ።

«እኔ ስቀመጥበትኮ ደህና ነበር።»

«አንተ አጭር ነህ። ቀበቶውን የወንበሩ ጀርባ ቀና አድርጎ ይዞልሃል። ሰውየው ከወንበሩ በላይ ናቸው፤ ከትከሻቸው በቀጥታ መሬት ይወርዳል። ማን እንደሚቀመጥበት ጠይቀህ ነበር?»

አልጠየቅሁም ነበር።

በማግስቱ መምህር አሰፋ ቤት ሄድኩ። ከሆስፒታል ወጥተው ወገባቸው ላይ ጠንካራ መደገፊያ ታጥቀው አልጋ ላይ ነበሩ። ሶስና አጠገባቸው ተቀምጣለች። ቆሜ ተናገርኩት። «ጀርባዎን የሰበረው ግጭቱ ብቻ አይደለም፤ ቀበቶውን ያሰርኩበት ቦታ ነው» አልኩ።

ሶስና ቀስ ብላ ተነሳች። «ሁለት ወር ሙሉ ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔ እኮ እጅዎን ጨብጬ አመስግኜዎታለሁ!» ብላ ከክፍሉ ወጣች።

አባቷ በጣታቸው ከትከሻቸው ወደ ታች መስመር አሰመሩ። ሕይወታቸውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። «ማዕዘኑ ነው አይደል?» አሉኝ። «ተንጋልዬ ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ በሐሳቤ ስስለው ነበር። ከትከሻዬ እስከ ወለሉ። መቼ እንደምትመጣ እጠብቅ ነበር።»

«ካወቁት ለምን አልተናገሩም?»

«አንተ እስክትናገር ነበር የምጠብቀው» አሉኝ። «አሁን ተቀመጥ፤ ቆመህ አታድክመኝ።»

ከዚያ በኋላ ዓመት ያህል ሶስናን አላየኋትም። ቀበቶ መግጠምም አቆምኩ። ለክፍት የጭነት መኪናቸው ቀበቶ የፈለጉ ሰዎች ሲመጡ «ዕቃ የለም» እያልኩ እመልሳቸው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን የጋራዡ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«አባቴ በመኪናዋ ካልወጣሁ እያለ ነው» አለችኝ። ፊቷ አልፈታም። «ሌላ ሰው ጋ ልወስዳት ነበር። ግን ሌላው እርስዎ ያጠፉትን አያውቀውም። እርስዎ ያውቁታል።»

በዚያን ጊዜ ኦቦ ደሬሳን ጠርቼ አስመጣኋቸው። መጀመሪያ መምህር አሰፋን ወንበራቸው ላይ አስቀመጥናቸው። ትንሽ ጎበጥ ብለዋል። ኦቦ ደሬሳ ቀጥ ያለ እንጨት ከኋላቸው አቁመው የትከሻቸውን ልክ በጠመኔ ሲያመለክቱ፣ መምህር «በአንድ ጣት አሳጥረኸኛል፤ ሥራው ይቀልልሃል» አሉኝ። ሶስና አልሳቀችም። እኔም መሳቅ አልቻልኩም።

ምሰሶ ከሌለ ምሰሶ መሥራት ነው። ከወንበሮቹ ኋላ የሚቆም ቅስት ያስፈልጋል። አቶ በቀለ «የውኃ ቧንቧ ሞልቷል፤ እሱን እጠፈው» አለኝ። እምቢ አልኩ። የውኃ ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ግድግዳው ወፍራም የሆነ ብረት ቧንቧ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ ስናጥፈው እንዳይጨማደድ ውስጡን በደረቅ አሸዋ ሞልተን ሁለቱን ጫፍ ደፈንን። እግሮቹን ወለሉ ላሜራ ላይ አላቆምኳቸውም፤ ወለሉን አልፈው ሻንሲው ላይ ተበየዱ። ቅስቱ ወደፊት እንዳይወድቅ ከኋላ ሁለት መደገፊያ አደረግንለት። በመካከሉ አግዳሚ ቧንቧ አለፈ፤ ቀበቶው ከዚያ ተነስቶ ወደ ትከሻ ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ ቢበዛ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። ራስ የሚደርስበትን ብረት ሁሉ በጠንካራ ስፖንጅ ጠቀለልነው።

ለሁለቱ ወንበር አንድ ልክ አልሠራሁም። በአባትየው ልክ ብሠራው ለሶስና ቀበቶው አንገቷን ያንቃታል። በእሷ በኩል፣ በመሪው በኩል ማለት ነው፣ አግዳሚውን ዝቅ አድርጌ በየድኩት። የወገቡን ማሰሪያ ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ አጥንት ላይ እንዲያርፍ ወንበሩ ሥር ወደ ኋላ ወሰድኩት። ከወለሉ ሥር ያነጠፍኩትን ብረት ማዕዘኑን አክብቤ ሞረድኩት፤ ሹል ማዕዘን በግጭት ጊዜ ላሜራውን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። ብሎኖቹ ራሳቸው ላይ የጥንካሬ ቁጥር የተመታባቸው ናቸው። ቀበቶዎቹም አዲስ። አንዴ ግጭት የያዘ ቀበቶ ክሩ ተወጥሯል፤ ዓይን ባያየውም ሁለተኛ አይታመንም። ቅስቱ ስለገባ ሸራው እንደ ድሮው አይታጠፍም። ሶስናን ሳሳያት «ይቅር» አለች።

ስቱኮ ከመቀባቴ በፊት ሦስቱንም ጠርቼ እያንዳንዱን ብየዳ አሳየኋቸው። መምህር በጣታቸው እየነኩ አለፉ። መኪና አጋጭቶ መፈተኛ አምቦ ውስጥ የለም፤ እሱን ነገርኳቸው። «የማውቀውን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ የማላውቀው ሊኖር ይችላል» አልኩ። እንዲህ ብዬ ለደንበኛ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ሶስና ያን ጊዜ አየችኝ። «አሁን አምንዎታለሁ» አለች።

እሁድ እሁድ ለዓመታት ሲያልፉ አያቸው ነበር፤ እሷ እየነዳች፣ እሳቸው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። መምህር አሰፋ በሌላ ሕመም አልጋቸው ላይ አረፉ። ኦቦ ደሬሳም ተከተሏቸው። ሶስና መኪናዋን ብቻዬን መንዳት አልቻልኩም ብላ ለአዲስ አበባ ሰው ሸጠቻት።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር ስልክ ተደወለልኝ። ወጣት ድምፅ ነው።

«ጋሽ ተፈራ ነዎት? ቀዩዋን መኪና የገዛሁት እኔ ነኝ። ስልክዎን ከሶስና ወስጄ ነው። ያ ከኋላ ያለው ብረት በምን ይወጣል? ለፎቶ አላማረኝም።»

«አይወጣም» አልኩት። «ሻንሲው ላይ ነው የተበየደው።»

«ግራይንደር አለኝ፤ እቆርጠዋለሁ።»

ድካም ተሰማኝ። ግራይንደር በየቤቱ አለ፤ ማንም ይቆርጠዋል። ልዘጋው ነበር። ከዚያ አንድ ነገር መጣብኝ። «ቁመትህ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ረጅም ነኝ። ምነው?»

«የምትነዳው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ነገ ቢሾፍቱ እሄድባታለሁ።»

ከአልጋዬ ተነሳሁ። በመሪው በኩል ያለው አግዳሚ የተሠራው ለአጭር ሴት ነው። የመምህር አሰፋን ነገር አንድም ሳላስቀር ነገርኩት፤ ብሎኑን፣ ራጁን፣ ሁለት ወር ዝም ማለቴን።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለኝ።

«አትንዳት። አምቦ ይዘሃት ና፤ አንድ ጎበዝ በያጅ አውቃለሁ፣ እሱ ይሠራዋል፣ እኔ እለካለሁ።»

«ሳልነዳ እንዴት ነው የማመጣት?»

«ሚስት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«ቁመቷ?»

«እዚህ ትከሻዬ ሥር ነች» አለና ሳቀ። «መንጃ ፈቃድ ግን አላት።»

«እንግዲያው እሷ ትንዳ።»

ይመጣሉ ብዬ እርግጠኛ አልነበርኩም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግን ቀዩዋ መኪና ቤቴ በር ላይ ቆመች። መሪው ላይ አንዲት አጭር ሴት፣ አጠገቧ ራሱ ከቅስቱ ሊተካከል ትንሽ የቀረው ወጣት። ሁለቱም ታስረዋል። ቅስቱ አልተቆረጠም። ሰላም ሳልላቸው ጎንበስ ብዬ የልጁን ትከሻ አየሁ። በመምህር አሰፋ ልክ የሠራሁት ቀበቶ ከኋላ ቀጥ ብሎ መጥቶ ትከሻው መሀል ላይ አርፏል።

«ልክ ነው?» አለኝ ሳይነቃነቅ።

«በዚህኛው በኩል ልክ ነው» አልኩት።